አፍ የሚያቀላው ፍሬ

ስለ እንጆሪ ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሰው በፍራፍሬ ይናደዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። የምናደደው በፍሬው አይደለም። በኃላፊው፣ በሊቀ መንበሩ፣ በማኅተሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ዘመን ጠመኔ ይዛ ክፍል ውስጥ ትንጎራደድ በነበረችው በራሴ ነው።

አብዮቱ ጥቂት ዓመታት አስቆጥሮ ነበር። እኔ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ባልትና አስተምራለሁ። ከጥቁር ሰሌዳው ጎን አንድ ትልቅ የምግብ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት የተከፈለ። ሥዕሉ ከውጭ አገር የመጣ ስለሆነ በሽታ ተከላካይ በሚለው ክፍል ጎመን የለም፣ ቃሪያ የለም። ያለው ፖም ነው፣ ወይን ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ የሕፃን ጡጫ የሚያክል ቀይ እንጆሪ። እኔ እንጆሪ ቀምሼ አላውቅም። ግን በማስመሪያ እየጠቆምኩ፣ እንጆሪ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው፣ ድድን ያጠነክራል፣ ቁስል ቶሎ እንዲሽር ያግዛል እያልኩ ልጆቹን በአንድ ድምፅ አስደግም ነበር። ያልቀመስኩትን ነገር ጮክ ብዬ ሳስተምር ምንም አይሰማኝም ነበር።

ወደ መሰላ በሚያወጣው መንገድ ካሉት መንደሮች በእግራቸው የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ። ትምህርት ተከፍቶ ዝናቡ ጋብ ሲል እነዚህ ልጆች ጠዋት ጠዋት አፋቸው ቀልቶ፣ ጣታቸው ወይን ጠጅ መስሎ፣ የደንብ ልብሳቸው ደረት ላይ ነጠብጣብ ይዞ ይመጣሉ። በመንገዱ ዳር ካለው እሾሃም ቁጥቋጦ አንድ ፍሬ እየለቀሙ ይበላሉ። ያደግኩት ቆላ ስለሆነ ፍሬውን አላውቀውም፤ ላውቀውም አልፈለግኩም። አንዷን ምንድን ነው የበላሽው ስላት፣ “ጎራ ነው ቲቸር” አለችኝ። ጎራ የሚባል ምግብ በሥዕሉ ላይ የለም አልኳት። ቧንቧው ጋ አሰልፌ፣ በወር አንዴ ከቀበሌ ሱቅ በምትደርሰኝ በራሴ ሳሙና አፋቸውን አሳጥባቸው ነበር። ሳሙና በብርቱ በሚፈለግበት ጊዜ የራሴን መስጠቴ ደግሞ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ክፍል አስገብቼ ስለ እንጆሪ ጥቅም አስደግማቸዋለሁ።

እናቴ በዚያው ሰሞን ከቦርደዴ መጥታ እኔ ዘንድ ገባች። ቦርደዴ መኪና መንገዱ ዳር ለሾፌሮች ምግብ እያበሰለች ነው ያሳደገችኝ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጨጓራዋን ሲያማት፣ ድሬሰር ነኝ የሚል አንድ መርፌ ወጊ ኮምጣጣ ነገር በአፍሽ እንዳይዞር ብሏት ነበር። በዚያ በአንድ ቃል ሎሚው፣ ብርቱካኑ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው ሁሉ ተከለከለ። ጎመን ይነፋኛል ብላ ራሷ ጨመረችበት። ድንች የሰነፍ ምግብ ነው የምትል ሴት ናት፣ አትነካውም። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንጀራ፣ በሽሮና በሻይ ኖረች። እኔ በወር አንዴ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ለማላውቃቸው ሕፃናት ስለ በሽታ ተከላካይ ምግብ የማስተምር ሰው፣ እናቴን ምን በልተሽ ነው የምትውይው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ስትመጣ ደካማ ነበረች። ከአልጋ እስከ በር ሄዳ ታርፋለች። ዳቦ ስትገምጥ ዳቦው ላይ ደም ይቀራል። ድዷ አብጦ ጥርሷን ሊውጠው ደርሷል፤ ቅልጥሟ ላይ ማንም ሳይመታት የበለዘ ነገር ወጥቷል። እሷ እርጅና ነው ትላለች። እርጅና እንዲህ አያደርግም ብዬ እየጎተትኩ ወደ ጤና መኮንኑ ወሰድኳት። ረጋ ያለ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነበር። ድዷን በጣቱ ተጫነው፣ እግሯን አየ፣ ምን እንደምትበላ ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ባልትና አስተማሪ ነኝ ስለው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ያ እይታው እስካሁን ያሳፍረኛል።

የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው አለ። ክኒኑ ካለቀ ወር አልፎታል፤ ግን ክኒን አያስፈልጋትም፣ ትኩስ ፍራፍሬ በየቀኑ ካገኘች ደሙ በሁለት ሳምንት ይቆማል። ካላገኘች ጥርሷ ይረግፋል፣ ቁስሏ አይድንም፣ ደሟ እያነሰ ይሄዳል። ወደ በሩ ሸኝቶኝ እሷ በማትሰማበት፣ ችላ ከተባለ ሰው እንደሚገድልም ነገረኝ።

ሎሚ ቢሏት አሻፈረኝ። ብርቱካን ቢሏት፣ አንጀቴን ልትበጥሺው ነው ወይ። ማንጎ ወቅቱ አልነበረም። ፓፓያ ሽታው ያጥወለውላታል። አንድ ቀን ሻይዋ ውስጥ ደብቄ ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ገና በከንፈሯ ስትነካው አወቀችብኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ከእጄ ምግብ አልቀበልም ብላ ጎረቤት በላች። አንድ መርፌ ወጊ በአንድ ትንፋሽ የተናገረውን ነገር የሰባት ዓመት የማስተማር ልምድ ይዤ ላስተዋት አልቻልኩም። ንዴቴን የምወጣበት ባጣ ድስቱን አጋጭ ነበር።

ያኔ ነው እንጆሪው ትዝ ያለኝ። ከተማው ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ በንጉሡ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ሰው የተከለው የእንጆሪ መደብ እንዳለ ሰምቼ ነበር። ሰውዬው አገሩ ገብቷል፤ ቤቱን መሥሪያ ቤቱ ወርሶታል፤ እንጆሪውም አብሮ ተወርሶ ሽቦ ታጥሮለት ዘበኛ ተመድቦለታል። ሄጄ ዘበኛውን ለመንኩት። ሽማግሌ ነበር፤ አዘነልኝና አፈር ላይ የወደቀች አንዲት ፍሬ በሽቦው ቀዳዳ አቀበለኝ። በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ወሰድኳት።

እናቴ አገላብጣ አየቻት፤ ያ የምትነግሪኝ ሥዕል ላይ ያለችው ናት ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ግማሿን ነክሳ አፏ ውስጥ ያዘቻት፤ ድዷ እንዳይነካ በምላሷ እያሸች ቆይታ ዋጠቻት። አልኮመጠጠም፣ ይሄስ ይስማማኛል አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ እሺ ያለችው የመጀመሪያ ፍሬ ነው። ከደስታዬ የተነሣ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

በማግስቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ገባሁ። የእናቴን ሕመም ነገርኩት፣ የጤና መኮንኑን ወረቀት አሳየሁት። በቀን አንድ ጭብጥ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ አልኩት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና መለሰልኝ።

“ጓድ መምህርት፣ ይህ የሕዝብ ንብረት ነው” አለኝ።

“እናቴስ ሕዝብ አይደለችም ወይ ጓድ?”

“ሕዝብ ማለት ሁሉም ነው እንጂ አንድ ሰው አይደለም።”

ይህን ያለኝ ሰው መስኮቱ ክፍት ነበር። በመስኮቱ በኩል መደቡ ይታያል፤ የበሰለው ፍሬ አፈር ላይ ወድቆ ጉንዳን ወሮታል። ሕዝብ የተባለው ጉንዳኑ ነው እንዴ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያለ ቀልድ ሰው ያስበላል። ከቀበሌ ደብዳቤ ካመጣሽ ይታያል አለኝ። ሮጥኩ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ደብተሩን አውጥቶ ፈለገልኝ። ለስኳር ቅጽ አለ፣ ለሳሙና አለ፣ ለጨው አለ። እንጆሪ የሚል መስመር የለም። የሌለ ነገር ላይ ማኅተም እንዴት ይመታል? ከዚያም ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ ቀይ ነገር ሁሉ ደም ስለሚሆን ቀይ ሥር ቀቅለሽ ስጫት አለኝ። ቀይ ስለሆነ አይደለም፣ ቀለሙ ደም አይሆንም፣ የሚፈለገው ውስጡ ያለው ቫይታሚን ነው፣ እሱም ሲቀቀል ይቀንሳል ብዬ እዚያው ትምህርት ጀመርኩ። ስኳራቸውን ለመጠየቅ ተሰልፈው የቆሙት ሰዎች አዘገየችን ብለው አጉረመረሙብኝ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

እናቴ በዚያ ሳምንት አንድ ጥርሷ በእጇ ወጣ። አሳየችኝና በወረቀት ጠቅልላ ከራስጌዋ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ጥርሷ በወጣ በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ራሱ አስጠራኝ። ከበላይ እንግዶች ሊመጡ ነው። በራስ የመቻልን ውጤት ለማሳየት እንጆሪው ተለቅሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፤ የሚያስረዳ ሰው ግን የለም። ፍሬው ምን እንደሚጠቅም በከተማው የምታውቂው አንቺ ነሽ አለኝ። ከእንግዶቹ የሚተርፈውን ለእናቴ እንድወስድ ከፈቀዱልኝ አስረዳለሁ አልኩት። ተስማማ። ማን እንጆሪ ይጨርሳል ብሎ እንደቀለደም አስታውሳለሁ።

በቀጠሮው ቀን ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። እንጆሪው በሰፊ ሳህን ተከምሮ ያበራል። እንግዶቹ ክብ ሠርተው ቆሙ። እኔ ደግሞ የተናደደ ሰው የሚናገረውን ያህል ተናገርኩ። ይህች ፍሬ አብዛኛው ክፍሏ ውሃ ነው፣ ግን ጥቂቷ ብዙ ትሠራለች አልኩ። ቫይታሚን ሲ ያጣ ሰው ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይወልቃል፣ የዳነ ቁስሉ ሳይቀር ይከፈታል። ይህች ፍሬ ይህን ትከላከላለች። ከጤፍና ከምስር የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን አሟጦ እንዲወስድ ታግዛለች። ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልግ ቫይታሚን አላት። ሆድ ድርቀት ላለበት አሰሩ አንጀትን ያላውሳል። ጣፋጭ ናት፣ ግን የስኳር መጠኗ ከብዙ ፍራፍሬ ያነሰ ነው። ታጥባ በጥሬዋ ነው መበላት ያለባት። እያንዳንዱን ስናገር የማየው የእናቴን አፍ ነበር። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እንግዶቹ የአብዮት ስሜት መሰላቸውና አጨበጨቡ።

አንዳቸውም ግን አልበሉም። የማያውቁትን ነገር በሰው ፊት መቅመስ ያፍራሉ። ደስ አለኝ፤ ሳህኑ እንዳለ ሊተርፍልኝ ነው። ከዚያ የእንግዶቹ አለቃ፣ ይህን ያህል ጥቅም ካለውማ ለቤተሰብ የሚወሰድ ነው አለና ሾፌሩን ጠራ። ሾፌሩ ሳህኑን ወደ ካርቶን ገለበጠው፤ ካርቶኑን መኪና ውስጥ አስገባው። ኃላፊው ግሩም አድርገሽ አስረዳሽ ብሎ አመሰገነኝ። ሳህኑ ላይ የቀረው አንድ አረንጓዴ ቅጠል ነበር። ባልተናገር ኖሮ፣ ወይም እንደ ሌላው ጊዜ በደረቁ አስደግሜ ብሄድ ኖሮ፣ እንጆሪው ይተርፍ ነበር። በገዛ አንደበቴ አስወሰድኩት።

ከኩሽናው ጀርባ ሄጄ በንዴት አለቀስኩ። እዚያ ዕቃ የምታጥብ አንዲት ሴት ነበረች፤ ከመሰላ በኩል እየመጣች ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ለዚያ ቀን ሥራ በሴቶች ማኅበር በኩል የተላከች። ሽንኩርት ከእሷ ስለምገዛ ታውቀኛለች። ምን ሆንሽ ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ እናቴን፣ ጥርሱን፣ ደብዳቤውን፣ ካርቶኑን። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አዳመጠችኝ።

“ወላሂ፣ ለዚህ ነው የምታለቅሽው?” አለችኝ። “ይሄ የጎራ ዘመድ አይደል እንዴ? የኛ ያንሳል፣ ይጠቁራል እንጂ። አጥራችን ላይ ሞልቶ ከብት ይረግጠዋል። ነገ ላምጣልሽ?”

ጎራ ስትል ቧንቧው ጋ የተሰለፉት ልጆች ፊቴ ድቅን አሉ። ግን ያን ጊዜ ለማፈርም ጊዜ አልነበረኝም። በቀጥታ ወደ ጤና መኮንኑ ሄጄ ጠየቅኩት። ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እሱም እንጆሪ ነው፣ የአጥር እንጆሪ ነው አለኝ። ተክሎቹ አንድ ባይሆኑም ዘመዳሞች ናቸው፤ ቫይታሚኑ ከዚያኛው ቢያንስም አለው፤ በቀን ሁለት ጭብጥ ከበላች ይበቃታል። ለምን ቀድሞ እንዳልነገረኝ ብጠይቀው፣ አስተማሪ ስለሆንሽ የምታውቂ መስሎኝ ነው አለኝ።

ሴትየዋ በማግስቱ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ አመጣችልኝ። ትንንሽ፣ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ ገና ጤዛው ያልለቀቀው። አጠብኩና በሳህን አድርጌ ለእናቴ ሰጠኋት። አንድ ቀመሰች፣ ሁለት ቀመሰች፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ያቺ ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ገበያ ስትወርድ በየጠዋቱ በራችን ላይ ትጥልልን ነበር፤ በማትወርድበት ቀን በጎረቤቷ እጅ ትልክልናለች። ደብዳቤ አምጪ ያለኝ አንድም የለም። ማኅተም ያለኝም የለም።

በአምስተኛው ቀን እናቴ ማንም ሳይደግፋት በር ላይ ወጥታ ተቀመጠች። በአሥረኛው ቀን ዳቦ ገመጠች፤ ዳቦው ላይ ደም አልነበረም። አገላብጬ አየሁት፤ የለም። የበለዘው እግሯ ቢጫ እየሆነ ጠፋ። የወለቀው ጥርስ ግን አልተመለሰም፣ ከሱ ጎን ያለውም ተከተለው። እነዚያን ሁለት ጥርሶች ለሽቦውና ለማኅተሙ ነው የምቆጥረው ብዬ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ።

አንድ ቅዳሜ እሷ በር ላይ ተቀምጣ ሳህኗን ይዛ ትበላለች፤ እኔ ልብስ እያጠብኩ ኃላፊውን እራገማለሁ። ሰው እንዴት ምግብን ከተራበ ሰው ይከለክላል? እንዴት ወረቀት ላይ የለም ብሎ ዓይኑ ፊት ያለውን ነገር ይክዳል? አላወቅኩም ቢል እንኳ መጠየቅ ማንን ገደለ? እንዲህ እያልኩ ሳሙናውን ልብሱ ላይ እፈትጋለሁ። እናቴ መብላቷን አቁማ ስታዳምጠኝ ቆየች። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ፣ አገጭዋ፣ የነጠላዋ ጫፍ ሳይቀር ቀልቷል። እጄ ላይ ያለውን ሳሙና ታያለች። ማታ ማታ የትምህርት ቤቱን ወሬ እነግራት እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።

“እነዚያን ልጆች አፋቸውን የምታሳጥቢያቸው ይቺን በልተው ነው?” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት።